የሞሪዋኪ ሰይፍ

ሞሪዋኪ አውቶቡስ መንዳት ትቶ ጡረታ ሲወጣ የልጅነት ምኞቱን ገዛ፤ አንድ ወጣት ሰይፍ ሠሪ የቀጠቀጠው፣ ጌጥ የሌለው ርካሽ ሰይፍ ነው። እሁድ ጠዋት በሴኪ ከተማ የሰይፍ ልምምድ ግቢ ሊፈትነው ቆመ። ከፊቱ በሰይፉ የሚቆርጠው፣ ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ያደረ የሰሌን ጥቅል በእንጨት ላይ ተሰክቷል። ሰሌኑን ሚስቱ ታዙኮ ያነሳችው ልጆቻቸው ካደጉበት ክፍል ወለል ላይ ነው፤ ሲረጥብ የዚያን ዘመን ዝናብ ይሸታል።

"በዚህ ዋጋ የተገዛ ሰይፍ ይጣመማል እንጂ አይቆርጥም" አለ የልምምድ ጓደኛው ሂሩካዋ።

ሞሪዋኪም የፈራው ይህንኑ ነበር። ከተጣመመ፣ በዚህ ዕድሜው ሌላ እንደማይገዛ ያውቃል። ትንፋሹን ሰብስቦ በአግድም ሰነዘረ። እጁ ላይ ምንም አልተሰማውም፤ ጥቅሉም እንደቆመ ቀረ።

"አየሩን ቆረጥከው!" ሂሩካዋ በሳቅ ፈረሰ። "ለአየርማ ሰይፍ ምን ያደርግልሃል፣ ወንድሜ?"

ሞሪዋኪ አፍሮ ሰይፉን አገላብጦ አየው። አልተጣመመም፤ ስለቱ ግን ረጥቧል።

"አንተ ሰውዬ፣ ምን ትገተራለህ?" አለች ከዳር ቆማ ስታይ የነበረችው ታዙኮ። ቀረብ ብላ የጥቅሉን አናት በጣቷ ነካ ስታደርገው የተቆረጠው የላይኛው ግማሽ ተንሸራቶ መሬት ላይ ወደቀ።

ሂሩካዋ የወደቀውን ግማሽ አንስቶ የተቆረጠበትን አየ። "እስቲ እኔም ልሞክረው?" አለ።

"መጀመሪያ እኔ ልጥገበው" አለ ሞሪዋኪ፣ ስለቱን ቀስ ብሎ እየወለወለ።