ለተሰበረ ቁርጭምጭሚት የጠላቂ መቅዘፊያ

መጀመሪያ የሰማሁት ድምፅ ነው። ቋ አለ። ሕመሙ ቆይቶ መጣ። ከቡሬ ስመለስ ፍኖተ ሰላም መግቢያ ላይ ከበቅሎ ልወርድ ስል ቀኝ እግሬ እርካቡ ውስጥ እንደተያዘ ወደቅሁ። ቀና ብዬ ሳየው ተረከዜ ወደ ጎን ዞሯል።

ያኔ ምጽዋ ወደብ ጠላቂ ነበርኩ። አየር በጀርባዬ ተሸክሜ መርከብ ሥር እየገባሁ የተጠመጠመ ገመድ እፈታለሁ። ለዚህ ሥራ እግር ላይ የሚጠለቅ ረጅም የጎማ መቅዘፊያ አለን። ለእረፍት አገሬ ጎጃም ስመጣ የምሠራው ሥራ ለአባቴ እንዲገባቸው ብዬ የራሴን ይዤው መጥቼ ነበር። አገሬው "የዳክዬ እግር" ብሎ ሳቀብኝ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ወጌሻችን ጋሼ ዓለሙ እግሬን በሸንበቆ አሰሩልኝ። "አደራ፣ እንዳትፈታው። የላላ አጥንት አይገጥምም" አሉኝ። እኛ ዘንድ ወጌሻ ያሰረውን መፍታት ነውር ነው። አልፈታሁም። ጣቶቼ አበጡ። ጠቆሩ። ከዚያ መስማት ተዉ። ብርድ ልብስ ጎትቼ ሸፈንኳቸው። በስድስተኛው ቀን አባቴ ብርድ ልብሱን ገልጠው አዩና አለቀሱ።

በጭነት መኪና ደብረ ማርቆስ ወሰዱኝ። ሐኪሙ እስሩን በመቀስ ቆረጠው። ራጅ አነሳኝ። "አጥንቱ ተሰብሯል፣ ጅማቱም ተበጥሷል" አለኝ። "ሁለት ቀን ብትዘገይ እግርህን እንቆርጠው ነበር።" ጀሶ ውስጥ ከተተኝ። በዚያው ሰሞን ከወደቡ ደብዳቤ ደረሰኝ። ከፋሲካ በኋላ ጠልቄ ካልተፈተንኩ ቦታዬ ለሌላ ሰው ይሰጣል።

ጀሶው ሲወጣ እግሬ ከስቶ የሌላ ሰው እግር መሰለኝ። ሐኪሙ ውሃ ውስጥ አንቀሳቅሰው ብሎኝ ነበር እንጂ መቅዘፊያ አጥልቅ አላለኝም። እኔ ግን ፋሲካ ቀረበብኝ። ላህ ወንዝ ወርጄ ረጅሙን ጎማ አጠለቅኩት። የተረከዙንም ማሰሪያ ወጌሻው እንዳሰሩት አድርጌ ጥርቅም አደረግሁት፤ የጠበቀ ነገር ይጠገናል የሚለው እምነት አልለቀቀኝም ነበር። እግሬ ደነዘዘ። ስላልተሰማኝ የዳንኩ መሰለኝ። ውሃውን በኃይል መታሁ። ጎማው ቁርጭምጭሚቴን ጠመዘዘው። ጮህኩ። ውሃ ዋጥኩ። የባሕር ጠላቂ ነኝ ባይ ወገብ በማይሞላ ወንዝ ልሰምጥ! ዳር ላይ በደረቴ ተኝቼ ሞቴን ለመንኩ። ይህን ለመናገር የማላፍረው፣ እግርህ ተሰብሮ ይህን የምታነብ አንተም ለምነኸው ይሆናል ብዬ ነው።

ሐኪሙ ዳግመኛ አየኝ። "ጅማቱ እንደገና ተስቧል። የጎዳህ ውሃው አይደለም፣ ጎማው ነው። አጭርና ለስላሳ ፈልግ" አለኝ። አጭር መቅዘፊያ በጎጃም ምድር ከየት ይመጣል! ተስፋ ቆርጬ ስመለስ አባቴ ጅጋ ገበያ ኮርቻ ሰፊ ዘንድ ወሰዱኝ። ሽማግሌው ጎማውን እያገላበጡ አዩት።

"ምነውሳ እንዲህ ረዘመ? በቅሎ ስትቆስል ጭነቷ ይቀነሳል እንጂ ይጨመርባታል?"

ብለው እኩሌታውን በቢላ ቆረጡት። ጠንካራውን ማሰሪያ ጥለው ከአሮጌ የመኪና ካላማዳሪ ሰፊና ለስላሳ ጠፍር አበጁለት፤ ሁለት ጣት በሥሩ አስገብተው ለኩ። ከዚያ በኋላ በየማለዳው ላህ ወርጄ፣ ከጉልበቴ ሳይሆን ከዳሌዬ እየመታሁ፣ መጀመሪያ አባቴ አንድ አቡነ ዘበሰማያት እስኪደግሙ፣ ቆይቶ ሦስት፣ ቆይቶም ደግመው ደክሟቸው "ኧረ ውጣ አንተው!" እስኪሉኝ ድረስ መዋኘት ጀመርኩ።

ምጽዋ ስመለስ ሌሎቹ ጠላቂዎች በፈታኞቹ ፊት ረጅም መቅዘፊያቸውን ደርድረዋል። የእኔን አይተው ሳቁ። ገባሁ። ገመዱን ፈታሁ። ከሁሉም ኋላ ወጣሁ። አለቃው "ዘግይተሃል፤ ግን ፈትተኸዋል። ሰኞ ሥራ ግባ" አለኝ። ጀልባው ላይ ፊቴን አዙሬ አለቀስኩ።

እግርህ ተሰብሮ ወደ ውሃ የምትመለስ ወንድሜ፣ በእጅህ ስታጥፈው በቀላሉ የሚታጠፍልህን መቅዘፊያ ምረጥ። ጣቶችህ ውስጡ ይላወሱ። ከደነዘዘህ ውጣ፤ መደንዘዝ መዳን አይደለም። ጓደኞችህ ይቅደሙህ። ለሐኪሙ፣ ለኮርቻ ሰፊው፣ በየማለዳው ብርድ ወንዝ ዳር ለተቀመጡልኝ አባቴ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬም አነክሳለሁ። የማነክሰው ግን ወደ ሥራዬ ነው።