የቀናው ፈረስ አራስ ቤት

ድሮ፣ ያ ሁሉ መጋዘን ሳይሠራ፣ የአቃቂ ወንዝ ዳር ሜዳ ነበር። የቀናው አባት ሲመሽ የጋሪ ፈረሶቻቸውን ልጓም አውልቀው ይለቋቸዋል፤ ጠዋት ሲያፏጩላቸው እየተግተለተሉ ይመጣሉ። ቀናው ይህን በልጅነቱ አይቷል። ግን ዕድሜ ያስረሳል፤ ፍቅር ደግሞ ከዕድሜ ይብሳል።

ለዳማ፣ ለዚያ ለአንድዬ ፈረሱ፣ ቃሊቲ ከሚገኘው ቤቱ ጓሮ የቆርቆሮ ጋጣ ሠራለትና «ብርድ እንዳይመታብኝ» ብሎ ቀዳዳውን ሁሉ በጆንያ ጠቀጠቀው። ማታ ብርድ ልብስ ያለብሰዋል። ጠዋት ዳቦ በሻይ እየነከረ ያጎርሰዋል።

«እኔን እንዲህ አጉርሰኸኝ ታውቃለህ?» ትለዋለች ሚስቱ ብዙወርቅ።

«አንቺ ጋሪ ትጎትቻለሽ?»

«ዕድሜዬን ሙሉ አንተን የጎተተው ማን ሆነና!»

ታዲያ ክረምቱ ሲገባ ዳማን ሳል ያዘው። ቀናው ጆንያ ጨመረ። ሳሉ ባሰ። ሌላ ጆንያ ጨመረ። ፈረሱ ፉርሽካውን ትቶ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይውል ጀመር። አንዱ ጎረቤት «ከእንግዲህ አስፋልት ዳር መልቀቅ ነው እንጂ ምን ይደረጋል?» ቢለው፣ ቀናው የያዘውን ጉርሻ መልሶ አስቀመጠ። ዳማ ከሞተበት ጋሪውን ማን ይጎትታል? እሱስ ማንን ያጫውታል?

ወተት የምታመጣላቸው ኢፍቱ ከወንዙ ማዶ ሜዳ ላይ ከብትና ፈረስ ታረባለች። አንድ ጠዋት ሳሉን ሰምታ ጋጣውን ብትከፍት፣ ታፍኖ የከረመው የሽንት ሽታ ዓይኗን አስለቀሳት።

«ውይ ጋሽ ቀናው! ይኼ ፈረስ ነው ወይስ አራስ? ገንፎው ብቻ ነው የቀረው!»

«ብርድ መትቶት እኮ ነው፣ ልጄ።»

«ብርድ በየት በኩል ገብቶ! ያጣው ነፋስ ነው። ከኔ ባዝራዎች ጋር ይዋል፣ ይደር፤ ሣር ይጋጥ፣ ይንከባለል። ፈረስ ብቻውን ሲሆን ይከፋዋል።»

«ዝናብ ቢመጣስ?»

«ይረጥባላ!»

ቀናው እየፈራ ወሰደው። እንደ ፈራውም ሌሊቱን ሲዘንብ አደረ። ገና ሲነጋ ጃንጥላና ብርድ ልብስ ይዞ ሜዳው ላይ ደረሰ። አንድ ጭቃ የተለቀለቀ ፈረስ ከባዝራዋ ጋር አንገት ለአንገት ተሳስቦ ጋማ ለጋማ ይተካከካል።

«ኢፍቱ! የኔውን የት አደረግሽው?»

«ይኸው አይደል እንዴ!»

ዳማ ተንበርክኮ ተጋደመና አራት እግሩን ወደ ሰማይ አንስቶ ተንደባለለ። ቀናው ተጣራ፤ ፈረሱ ቀና ብሎ አይቶት ወደ ሣሩ ተመለሰ። ሰውዬው ቅር አለው። ዝናቡ ባቆመበት ሰዓት ጃንጥላውን ዘርግቶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

በኋላ፣ እንዲያው ሲተክዝ፣ የአባቱ ፉጨት ከአፉ ወጣ። ዳማ ጆሮውን አቆመ። ዝግ እያለ መጣና ጭቃማ አፍንጫውን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተ፤ ዳቦ ፍለጋ። ቀናው እየሳቀ እንባውን ጠረገ። ኮቱንማ ብዙወርቅ አይታ ጉድ ነው የተባለው።

ሳሉ እያደር ቀለለና ጠፋ። አሁን ዳማ ቀን ጋሪ ይጎትታል፤ ሲመሽ ልጓሙ ይወልቅለትና ወደ ባዝራዎቹ ይሄዳል። ቀናው የጋጣውን ቆርቆሮ ነቅሎ ሜዳው ላይ ዙሪያው ክፍት የሆነ ዳስ ሠራለት። ዝናብ ሲመጣ የሚጠለልበት ግን ቀናው ራሱ ነው፤ ፈረሱ ውጪ ይቆማል። ዳቦ በሻዩም ለብዙወርቅ ተዛውሯል።

በቀደም ከሳሪስ ሲመለስ ታክሲ ውስጥ መስኮቱን ወለል አድርጎ ከፈተው።

«ኧረ ጋሼ፣ ይዝጉት! ብርድ መታን!» ጮኹ ከኋላ።

«ምነው፣ አራስ አለች እንዴ?» አለ ቀናው።

ታክሲው በሳቅ አውካካ። መስኮቱን ግን ዘጉበት።