እሾሁን በገዛ እጁ አስነቀልነው

ይህ የሆነው የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ገበሬውን ያፈናቅላል የሚለው ተቃውሞ በተፋፋመበት ጊዜ፣ ሰበታ ውስጥ ነው። አልረሳሁትም፤ እውነቱን ለመናገር ልረሳውም አልፈልግም።

ግራ እግሬ ከልጅነቴ ጀምሮ አይታዘዘኝም፤ የምሄደው በክራንች ነው። ሶፍትና ማስቲካ የምሸጠው ዋናው መንገድ ዳር ካለ አንድ ፎቅ ሥር ነበር። ፎቁ ከእግረኛ መንገዱ ጋር የተያያዘ ዝቅ ያለ የሲሚንቶ መደብ አለው። ታክሲ የሚጠብቅ፣ ነፍሰ ጡር፣ ከፋብሪካ ፈረቃ የወጣ ሁሉ እዚያ አረፍ ይላል። ጎረቤቴ ኦቦ ጉደታ ግን አንድም ቀን አይቀሩም። ፎቁ ያረፈበት መሬት የእሳቸው የጤፍ ማሳ ነበር። ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ይቀመጣሉ።

አንድ ጠዋት ስንመጣ መደቡ ላይ ከዳር እስከ ዳር ሹል ሹል ፌሮ ተተክሏል። ኦቦ ጉደታ ጥግ ላይ ሊቀመጡ ሲሞክሩ ባለፎቁ ወጣ።

«አንተ ሽማግሌ፣ አይታይህም? ይሄ የተሠራው ለደንበኛ ነው፤ ለለማኝ አይደለም! አንቺም ተነሺ!» ብሎ የሶፍት ካርቶኔን በእግሩ ገፋው። መሬት ላይ ተንበርክኬ ለቀምኩ። ኦቦ ጉደታ «ረቢ ሲ ሃ አርጉ» ብለውት ሄዱ፤ እግዜር ይይህ ማለታቸው ነው። እኔ ግን ለእግዜር ብቻ መተው አልሆነልኝም።

ከወራት በኋላ ተቃውሞው ከተማው ውስጥ ገባ። መንገዱ በድንጋይ ተዘጋ፣ ጎማ ነደደ። በገበሬ ማሳ ላይ የተሠራ ፎቅ ሁሉ መስታወቱ እየረገፈ ነው ተባለ። ከኦቦ ጉደታ ጋር ደጃቸው ላይ ሆነን ጩኸቱን ስናዳምጥ ባለፎቁ እያለከለከ መጣ።

«አባቴ፣ እግርዎ ላይ ልውደቅ! ልጆቹ እርስዎን ያከብራሉ። ፎቁ ፊት ቁጭ ካሉልኝ አይነኩትም።»

ያኔ «አንተ» ያላቸውን ሰው «እርስዎ» ሲላቸው ሳቄ መጣ። እሳቸው ሳይመልሱ እኔ ቀደምኩ።

«የት ይቀመጡልህ? እሾህህ ላይ?»

ኦቦ ጉደታ ቀና ብለው አዩኝና «ልክ ብላለች። መጀመሪያ ንቀለው» አሉት።

ተያይዘን ፎቁ ጋ ሄድን፤ እሱ መዶሻና መሮ አመጣ። የፎቁ ዘበኛ ሊያግዘው ሲል «በገዛ እጁ!» ብዬ ጮህኩ። የሰፈሩ ሰው ከየአጥሩ ወጥቶ ከበበን። ጩኸቱ እየቀረበ ነው፤ እሱ ተንበርክኮ ይቀጠቅጣል። መዳፉ ተልጦ ይደማል። እኔ ክራንቼን ተደግፌ «ያቺ ቀረች! ያቺም!» እያልኩ በጣቴ አሳየዋለሁ። እንደዚያን ቀን ልቤ ቅቤ ጠጥቶ አያውቅም።

ሲጨርስ ኦቦ ጉደታ ተቀመጡ። ወጣቶቹ ደርሰው ሲያዩዋቸው «አካም ጅርቱ፣ አባ» ብለው ሰላምታ ሰጥተው አለፉ። አንድ መስታወት አልተሰበረም። «ነይ፣ አጠገቤ ተቀመጪ» ቢሉኝ እምቢ አልኩ። ለእሱ ንብረት ዘብ መቆም አንጀቴ አልቻለም።

ከተማው ሲረጋጋ ባለፎቁ ፌሮውን መልሶ ተከለው፤ ያውም ከበፊቱ ረዘም ያለ። ኦቦ ጉደታ አዩት፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ከዚያ ወዲያ በዚያ በኩል አላለፉም። አምና አረፉ።

ቀብራቸው ላይ ባለፎቁ ጥቁር ከረባት አድርጎ መጥቶ ነበር። እጁን ሲዘረጋልኝ አልጨበጥኩትም። ሰዎች «ይቅር በዪው፣ ለነፍስሽ ነው» ይሉኛል። አልልም። ክፉ ቀን ተመልሶ ቢመጣና እሱ ደጄን ቢያንኳኳ እከፍትለታለሁ። ልመናውንም እስከ መጨረሻው አዳምጣለሁ። ከዚያ በሩን እዘጋበታለሁ።