የተከረከመው የአሊጋዝ ኑዛዜ

መሪጌታ መልከ ጼዴቅ መጽሐፍ ሲጠርዙ መጀመሪያ የብራናውን ጥራዞች በቅደም ተከተል ይደረድራሉ። ማጠፊያውን በወስፌ ይበሳሉ፤ የተገመደውን ጅማት በምራቃቸው አርሰው ያሾልካሉ፤ በሽፋኑ የእንጨት ገበታ ቀዳዳ አዙረው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው ይስባሉ። ደግሞ ይበሳሉ፤ ደግሞ ይስባሉ። የላላ ስፌት አይወዱም። ቅጠሎቹ አንዱ ወጣ አንዱ ገባ ቢል ግን አይነኩትም። ድሮ ዳሩን በካራ ከርክመው እኩል ያደርጉት ነበር። ለምን እንደተዉት የሐይቅ ከተማ ሰው ሲጠይቃቸው አንገታቸውን ይደፋሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2001 ዓ.ም. ሁዳዴ ሊፈታ ሲል ተሻለች የምትባል ሴት ከውጫሌ መጣች። ልጇ ሔለን ለዝናቡ ታጭታለች፤ ጠላው ተጠምቋል። ሰባት ቤት ሲቆጠር ግን ቆጠራው አንድ ሰው ላይ ቆመ፤ የዝናቡ ቅድመ አያት ወለቴ የማን ልጅ ናት? አንድ ሽማግሌ «የአሊጋዝ ናት» አሉ። አሊጋዝ ደግሞ የተሻለች ቅድመ አያት ነው። እውነት ከሆነ ልጆቹ ዘመዳሞች ናቸው፤ ሰርግ የለም።

«አሊጋዝ ሲናዘዝ ርስቱን ለየትኛው ልጁ እንዳወረሰ በደብራችን ወንጌል ኅዳግ ተጽፏል ይላሉ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩ፤ ይድረሱልኝ መሪጌታ።»

«ያንን አሮጌ ወንጌል እንደ አዲስ የጠረዝኩት እኔ አይደለሁ? ነይ ብቻ!»

ደረታቸውን ነፍተው የአምባሰልን ዳገት ወጡ። የደብሩ ገበዝ ቄስ እንዳለ መጽሐፉን አወጡላቸው። ከሉቃስ መጨረሻ ኑዛዜው ተገኘ። «የወንዙን ማዶ ለልጄ ለዓለሜ፣ የላዩን ማሳ ለልጄ ለ…» ከዚያ ወዲያ ብራና የለም። ፊደሉ ወገቡ ላይ ተቆርጧል።

መሪጌታ ጠርዙን በጣታቸው ዳሰሱት። የገዛ ካራቸውን ቁርጥ አወቁት። ጠርዘው ባስረከቡ ዕለት ካህናቱ መጽሐፉን እየተቀባበሉ «እንዴት አማረ!» ሲሏቸው ውለው ነበር።

ቄስ እንዳለ ጎንበስ ብለው አዩ። «ወይ አይጥ! በላችው አይደል?»

መሪጌታ መጽሐፉን ከደኑት። መውጫ ተገኝቶላቸዋል።

«ካልተጻፈችማ ልጁ አይደለችም» አለች ተሻለች ነጠላዋን እየሰበሰበች። «እግዜር ይስጥልን፤ ሰርጉ ይቀጥላል።»

ደጃፉን ልታልፍ ስትል ነው የመሪጌታ አፍ የተከፈተው።

«ቆይ! አይጥ በማስመሪያ አትበላም። እኔ ነኝ የቆረጥኩት። ሳላነብ ቆረጥኩት።»

ተሻለች ከእግር እስከ ራሳቸው አየቻቸው። «ታዲያ ያን ሁሉ ዘመን የቆሎ ተማሪ ሆነው የለመኑት ለምን ኖሯል?»

መሬት ብትከፈትላቸው በገቡ። ዳገቱን ሲወርዱ ከኋላዋ እንጂ ከጎኗ አልሄዱም።

ሰርጉ ቆመ። ብራና አይጣልምና መሪጌታ ቁራጮቹን በሌሎች መጻሕፍት ጀርባ ማጠናከሪያ አድርገው ሰፍተዋቸዋል፤ በየትኞቹ እንደሆነ ግን አያስታውሱም። ይኸው ዓመት ሙሉ በየደብሩና በየሰው ቤት እየዞሩ የገዛ ሥራቸውን ጀርባ ይፈትሻሉ። ባልደረሱበት ላለ አንባቢ የሚሉት ይህ ነው፦

«እባካችሁ፣ እኔ የጠረዝኩት ዳዊት ወይም ድርሳን ቤታችሁ ካለ፣ ስፌቱን ሳትፈቱ ጀርባውን አለስልሳችሁ ግለጡት። በቀጭኑ ማጠናከሪያ ላይ የተጎመደ ፊደል ካያችሁ መጀመሪያ ውጫሌ ለተሻለች ንገሯት። ሁለት ልጆች እየጠበቁ ነው። እኔ ከእሷ በኋላ ልስማ።»