ናዝሬት ጣቢያ የቀረው ፈረንሳዊ

ዘመኑ ደርግ ነው። ዩኒቨርሲቲ ፈረንሳይኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ የማጠና የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሆኜ ለእረፍት ናዝሬት መጣሁ። አባቴ ለሰፈሩ ሁሉ «ልጄ ፈረንሳይኛን እንደ ውሃ ጠጥቶታል» እያለ ያወራል። እኔም አላስተባበልኩም።

አንድ ቀን ከድሬዳዋ የተላከልንን ብርቱካን ልንቀበል ከእናቴ ጋር ባቡር ጣቢያ ሄድን። ባቡሩ ወደ አዲስ አበባ ጉዞውን ሲቀጥል አንድ ነጭ ሰው እየጮኸ ከኋላው ሲሮጥ አብዮት ጠባቂዎች ያዙት። የሚጮኸው በፈረንሳይኛ ነበርና ደረቴን ነፍቼ ቀረብኩ።

ከመጻሕፍት የቃረምኩትን ያማረ ሰላምታ አቀረብኩለት። ሰውየው አፉን ከፍቶ አየኝና እያለቀሰ በጥድፊያ ያወራ ጀመር። አንድም ቃል አልገባኝም።

«ምን ይላል?» አለኝ ጠመንጃ የያዘው ጠባቂ።

«አገራችሁ ውብ ናት ይላል።»

«ታዲያ ለምን ያለቅሳል?»

«ውበቷ ነክቶት ነው» አልኩ።

ጠባቂው ሰውየውን ይዞት ሊሄድ ሲል እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ጠጋ አለችና ፈረንሳይኛውን አንቆረቆረችው። ከዚያ ወደ ጠባቂው ዞራ «ውሃ ሊገዛ ቢወርድ ባቡሩ ሚስቱን ይዞበት ሄደ። ሞጆ ጣቢያ ደውሉና ያውርዱለት» አለችው።

ወደ ቤት ስንመለስ «እማዬ፣ የት ተማርሽው?» አልኳት።

«ልጅ ሆኜ ድሬዳዋ ፈረንሳዮች ቤት ሠርቻለሁ።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ደበቅሽኝ?»

«አባትህ ባንተ እንዲህ እየኮራ እንዴት ልናገር?» አለችኝ። ትንሽ ከተራመድን በኋላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ፦ «ለመሆኑ ቅድም ሰውየውን ያናገርከው በምን ቋንቋ ነበር?»