ቀለም ያልታዘዘለት ደም ሥር

ሸዋአየሁ ሃያ ስድስት ዓመት ሥጋ ስታቀልም ኖራለች። ሥጋ ስል የበሽተኛ ሥጋ ማለቴ ነው። ካዛንቺስ ባለችው ጠባብ ላቦራቶሪያችን ከየሐኪም ቤቱ የሚላከውን ዕጢና ቁስል በስሱ ትቆርጣለች፤ ከዚያ አልኮል፣ ቀለም፣ ውኃ፣ እንደገና አልኮል። ጣቶቿ ወይን ጠጅ ሆነው ቀርተዋል። እድር ላይ ከእጇ ቆሎ የማይዘግኑ ሴቶች አሉ፤ እኔ አብሬያት የምሠራው እነሱን ከናቅኳቸው ቆይቷል።

በ2006 ዓ.ም. የወንድሟ የተከስተ ቀኝ እግር ደም ሥሩ ተደፍኖ ተቆረጠ። እግሩን በነጠላ ጠቅልለን ቂርቆስ ቀበርነው። ሰውየው በሕይወት እያለ እግሩን ቀብሮ መመለስ እንዴት እንደሚያደክም የቀበረ ያውቀዋል። ከአፈር የተረፈችው ሐኪሙ ዶክተር አርያም ያስቀረቻት የደም ሥር ቁራጭ ብቻ ነበረች፤ ጥፍር አታክልም።

አርያም ውጭ ተምራ የመጣች ወጣት ናት። «እትዬ ሸዋአየሁ፣ በቃ ቆርጠው መስታወቱ፣ ስላይዱ ላይ ብቻ ያድርጉልኝ። ቀለምም አልኮልም እንዳይነካው፤ አልኮል ስቡን ያጥበዋል። ወደተማርኩበት ቦታ እልከዋለሁ፤ እዚያ ያለው ማሽን ብርሃን አብርቶበት የቱ ስብ፣ የቱ እንደ ኖራ የጠጠረ እንደሆነ ለይቶ በምስል ያሳያል» አለች። የተከስተ ግራ እግርም መቀዝቀዝ ጀምሮ ነበር። ቀኙን የደፈነው ምን እንደሆነ ከታወቀ ግራውን ለማትረፍ ይረዳኛል ብላ ነበር።

ሸዋአየሁ «ዕድሜዬን ሙሉ ስቡ ታጥቦ የሄደበትን ባዶ ቀዳዳ ሳይ ኖርኩ፤ አሁን ስቡን ራሱን ላየው ነው» አለችኝ። ደስ ብሏት ነበር።

ዓርብ አርባ ሁለት ናሙና ነበረን፤ መብራትም ሁለቴ ሄዶብናል። ቁራጯን እስክታልቅ ቆረጠቻት፤ አራት ስላይድ ወጣላት። ከዚያ አራቱን ከሌሎቹ ጋር አንስታ አልኮሉ ውስጥ ነከረቻቸው። ፊት ለፊቷ ነበርኩ፤ አይቻለሁ። በየቀኑ ስትነክር ሳያት ስለኖርኩ ምንም አልመሰለኝም። ይህን ለራሴ ይቅር ማለት አቅቶኛል። ቀለሙ ሲይዝ ነው የነቃችው። አልጮኸችም፤ «ውይ» ብቻ አለች።

ዶክተር አርያም አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር። «ሌላ ቁራጭ ይገኝ ይሆን?» ብላ ጀመረችና ቀብሩ ትዝ ሲላት አንዱን ስላይድ አንስታ በመስኮቱ ብርሃን አየችው።

ቅዳሜ ሸዋአየሁ ለተከስተ ልትነግረው ስትሄድ አብሬያት ሄድኩ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ሬዲዮ ያዳምጣል። እያለቀሰች ነገረችው። ሬዲዮውን ቀነሰ።

«ሌላ የለም ማለት ነው?»

«ከየት ይምጣ፣ ተኬ? ቀበርነው እኮ።»

ብርድ ልብሱን ከግራ እግሩ ላይ ገለጠው።

«በቃ አታልቅሺ» አላት። «የዚህኛው ተራ ሲደርስ ቀለም አታስነኪው።»

ሊያስቃት ፈልጎ ነበር። ሳቀችለት።