ዋርዴን እንቅልፍ የወሰዳት ቀን

ከቤታችን ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ ባለው ኖራ ቅብ ቤት፣ ዋርዴ የምትባል ሴት ነበረች። ከሞተች አሥራ አንድ ክረምት አልፏል። መቃብሯ ላይ የተጻፈው "ዶኛ ሮሳ" የሚል ነው፤ ዶኛ እመቤት ማለት ነው፤ ዋርዴ በአገሯ ቋንቋ፣ ሮሳ በዚህ አገር ጽጌረዳ ማለት ስለሆነ ሰዉ በዚያው ጠራት። እኔ ግን እስክትሞት ዋርዴ ነው ያልኳት። በስተርጅናዋ ባለ ሦስት በር ሱቅ ነበራት። ከባንኮኒው ኋላ ተቀምጣ ገበሬውን በአገሬው ቋንቋ በማያኛ ስትሰድበው፣ ገበሬው ኮፍያውን አውልቆ ይስቅ ነበር። ይህን ከተማው ሁሉ ያውቃል። ስትመጣ እንዴት እንደነበረች የምናውቀው ግን እናቴና እኔ ብቻ ነን፤ እናቴ ደግሞ የለችም።

የመጡት ቃጫ በረከሰበት ዓመት ነው። ቁጥሩን አትጠይቁኝ፤ ትምህርት ቤት የሄድኩት ሦስት ዓመት ነው፣ ዘመን የምቆጥረው በተወለደና በሞተ ሰው ነው። ያን ጊዜ እኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከሜሪዳ የመጣው ባቡር ሦስት ሰው አወረደ፦ ፋሬስን፣ ሚስቱን ዋርዴን፣ ከአንገቱ እስከ እግር ጥፍሩ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ አርባ ቀን ያልሞላውን ሕፃናቸውን። ከኋላቸው የብረት አልጋ ወረደ። ሰው ሁሉ ሕፃኑን ትቶ አልጋውን ነበር የሚያየው።

ቱርኮች አልናቸው። ቱርክስ አልነበሩም፤ ከሊባኖስ ተራራ የመጡ፣ ከጦርነቱና ከረሃቡ የተረፉ ክርስቲያኖች ናቸው። ወረቀታቸው ላይ ግን እንደዚያ ስለተጻፈ ስሙ ተጣበቀባቸው። ፋሬስ ሱቅ በደረቴ ሆነ። ጨርቁን፣ መርፌውን፣ ሪባኑን፣ ትናንሽ መስተዋቱን ተሸክሞ ሰኞ ይወጣል፤ የቃጫ እርሻውን ሁሉ አዳርሶ ቅዳሜ ይመለሳል። ሲመጣ መስተዋቶቹ ጀርባው ላይ እየተንኳኩ ከሩቅ ይሰማሉ።

በከተማችን በቲሽኮኮብ አልጋ ምን ያደርግልናል? ሰው በአማካ ይወለዳል፣ በአማካ ይተኛል፣ ሲሞትም በአማካ ነው። ከግድግዳ ግድግዳ የሚንጠለጠል የክር መረብ ነው፤ እኔ ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ እሱኑ ስሠራ ኖርኩ። ሁለት ቋሚ እንጨት፣ ክር የሚጠመጠምበት አንድ የእንጨት መወርወሪያ፣ ከዚያ ክር ብቻ። ከእንጨት ወደ እንጨት ቀኑን ሙሉ መመላለስ ነው ሥራው። ከቀትር በኋላ ሙቀቱ ሲጫን፣ የጉድጓድ ውኃ የሚቀዳው የነፋስ መዘውር በሩቅ ሲጢጥ ሲጢጥ ሲል፣ ሰማያዊው ክር ፊቴ ላይ ሲወዛወዝ፣ እየሠራሁ ይሁን እያለምኩ የማላውቅበት ጊዜ ነበር። ዛሬም እንደዚያ ነኝ፤ አሁን ግን ሰበቡ እርጅና ነው ይሉኛል።

ጎረቤት ሲመጣ ባዶ እጅ አይገባበትም። ስድስት ሳምንት የፈጀብኝን ትልቅ አማካ እናቴ ዶኛ ኒካኖራ ተሸክማ ወሰደችላቸው፤ እኔም ተከተልኳት። ፋሬስ ግድግዳው ላይ አሰረውና እንደ በቅሎ ሊወጣበት ዘለለ። መሬት ላይ ተዘረጋ።

"ምን ያዘልልሃል ልጄ! መጀመሪያ ቁጭ በል፣ ከዚያ አግድም ጋደም ትላለህ" አለችው እናቴ።

ፋሬስ ከወለሉ ሳይነሳ እየሳቀ "ዶኛ፣ በእኛ አገር በመረብ የሚያዘው ዓሣ ነው" አለ።

"ዓሣ ብትሆንማ ባላመለጥክ!"

ዋርዴ አልሳቀችም። ባዶው አማካ ወዲያና ወዲህ ሲል አየችውና በእጇ ግድግዳውን ያዘች። ፊቷ አመድ መሰለ። በማግስቱ ስሄድ ሽንኩርት ሞልታበታለች። ስድስት ሳምንት ሙሉ ጣቴ የቆሰለበትን ሥራ! ለብዙ ቀን አኮረፍኳት።

ፋሬስ የብረት አልጋው ላይ ይተኛል፤ ጉንዳን እንዳይወጣ አራቱ እግሮች በውኃ ጣሳ ውስጥ ቆመዋል። እሷ ግን አልጋውም ላይ አትተኛም ነበር። ልጁን አቅፋ ወንበር ላይ ታነጋለች። አንድ እሑድ ፋሬስ ራሱ ነው ለእናቴ የነገራት፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ጢሙን እየጎተተ። "ከመርከቡ ጀምሮ ነው ዶኛ። ትንሽ ታሸልብና ትባንናለች። ወተቷም እየነጠፈ ነው። ምን ላድርግ? እኔ ነገ ማልጄ መውጣቴ አይቀር።" በእርግጥም ልጁ፣ ናጂብ የሚባለው፣ ሲያለቅስ ድምፁ እንደ ድመት ግልገል ቀጥኖ ነበር። እኔ ራሴ ሁለት ሕፃን ሲቀጥን አይቼ፣ ሁለቱንም ወደ መቃብር ሸኝቻለሁ፤ የእህቶቼን ልጆች። ምን እንደሚመጣ አውቅ ነበር።

የጥቅልሉ ነገር ደግሞ አለ። በእነሱ ዘንድ ሕፃን አጥንቱ እንዲጸና በመቀነት ተጠፍሮ ነው የሚያድገው። በዚህ ሙቀት! አንገቱና ብብቱ በሽፍታ ተሞላ።

"ሕፃን ነው ወይስ ታማል?" ትላታለች እናቴ፤ "እንደ በቆሎ ሊጥ በቅጠል ጠቅልለሽ እንፋሎት ላይ ያስቀመጥሽው ነው የሚመስለው። ፍቺው እንጂ ልጄ።"

"እግሩ ይጣመማል" ትላለች ዋርዴ።

"የእኔን እግር እዪው፣ ተጣሟል? ከነዚህ እግሮች ጋር እኮ ነው ሦስት ሰው ለጋብቻ የጠየቀኝ!"

ይባስ ብሎ አራተኛ ወሩ ደረሰ። እኛ ዘንድ ሕፃን መጀመሪያ ዳሌ ላይ የሚቀመጥበት ቀን አለው፤ ሄጽሜቅ እንለዋለን። ሴት በሦስት ወሯ ነው፣ ስለ ሦስቱ ጉልቻ፤ ወንድ በአራት ወሩ፣ ስለ እርሻው አራት ማዕዘን። አበልጅ የምትሆነው ሴት እግሩን አንፈራጣ ዳሌዋ ላይ ታስቀምጠዋለች፣ ጠረጴዛ ዘጠኝ ጊዜ ትዞራለች። መጥረቢያ ታስጨብጠዋለች፣ እርሳስ ታስጨብጠዋለች፣ ከተቀቀለ እንቁላልና ከበቆሎ በሶ በጣቷ ጫፍ ታቀምሰዋለች። ይህ ያልተደረገለት ልጅ እግሩ ሰነፍ፣ ልቡ ዝግ ይሆናል ይባላል። እናቴ በየቀኑ መንገዱን ተሻግራ ሄዳ ትለምናለች፤ ዋርዴ ልጁን ደረቷ ላይ አጣብቃ ራሷን ትነቀንቃለች። ለማንም አትሰጠውም። ለባሏ እንኳ ስትሰጠው እጇ ከጨርቁ ላይ አይለቅም ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ዋርዴ ስጋና ስንዴ ስትወቅጥ እሰማ ነበር። ድንጋይ ሙቀጫ ነበራት፤ ዱም፣ ዱም፣ ዱም ይላል፤ ሰፈሩ የሚተኛው በዚያ ድምፅ ነበር ማለት ይቻላል። ድንገት ቆመ። ሲቆም ጆሮዬ ጭው አለብኝ። መወርወሪያዬን እንደያዝኩ መንገዱን ተሻገርኩ። ዋርዴ ግንባሯን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ቁጭ እንዳለች በእንቅልፍ ጠፍታለች፤ ዘነዘናው ከእጇ ወድቋል፤ ልጁ ከጭኗ ላይ ተንሸራቶ ወደ ሙቀጫው አፍ ሊደርስ ነው። ያዝኩት። በያዝኩት ጊዜ ነቃችና እንዲህ ያለ ጩኸት ጮኸች፣ እናቴ ባዶ እግሯን ሮጣ መጣች።

"አልሞተም፣ አልሞተም" እላታለሁ። ልጁን ከእጄ ነጥቃ አፏን አፍንጫው ላይ አደረገች፤ ትንፋሹን ለመስማት። ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጠችና ያኔ ነገረችን። ከናጂብ በፊት ቡጥሮስ የሚባል ልጅ ነበራት፤ ሁለት ዓመት ሊሞላው። ናጂብ ገና ሆዷ ውስጥ ሳለ፣ መርከቡ ላይ ትኩሳት ያዘው። ሦስት ቀን ነቅታ ጠበቀችው፤ በአራተኛው ቀን መርከቡ ቀስ እያለ ወዲያና ወዲህ ሲላት፣ ልጁን ከጎኗ እንዳደረገች እንቅልፍ ጣላት። ስትነቃ ቀዝቅዟል። ለባሕሩ ሰጡት።

"ያ መረባችሁ እንደ መርከቡ ነው የሚሄደው" አለች። "አልችልም።"

እኔ በሽንኩርቱ ማኩረፌ ትዝ ብሎኝ አፈርኩ። እናቴ አጠገቧ ተንበረከከች። ከዚያ "ባሕሩን አላውቀውም፤ እዚሁ አፍንጫዬ ሥር ሆኖ አይቼው አላውቅም። አማካን ግን አውቀዋለሁ። ተነሺ" አለቻት።

ወደ እኛ ቤት ወሰድናት። ውስጡ ጨለም ያለ፣ ቀዝቀዝ ያለ ነው። ትልቁ አማካ አጠገብ ትንሿን የሕፃን አማካ ሰቀልን። እናቴ ረጅም የቃጫ ክር አመጣች፤ አንዱን ጫፍ ትንሿ አማካ ላይ፣ ሌላውን የዋርዴ የእጅ አንጓ ላይ አሰረች።

"እኔም ልጆቼን ያሳደግሁት እንዲህ ነው። እሱ ሲንቀሳቀስ ክሩ ይጎትትሻል። ተኝተሽም ታውቂዋለሽ።"

"ካልጎተተኝስ?"

"ያኔ ትነቂያለሽ። አንቺ ባትነቂ እኔ ቁጭ ብዬ አለሁ፤ ሩፊናም አለች።" ወደ እኔ ጠቆመችና ቀጥላ "ግን የታሰረ ልጅ ክር አይጎትትም" አለች።

ዋርዴ ልጇን አየችው። እኛን አየችን። ከዚያ በራሷ እጅ መቀነቱን መፍታት ጀመረች፤ ዙር በዙር፣ ቀስ ብላ፣ እንደ ቁስል ፋሻ። ቀጫጭን እግሮቹ ወጥተው ትንሿ አማካ ውስጥ ስታስተኛው ናጂብ አየሩን ረገጠው። ክሩ ተወጠረ። ዋርዴ አንጓዋን አየች፣ ትልቁ አማካ ላይ ጋደም አለች፤ ዓይኗን ሁለቴ ሦስቴ ገለጥ አድርጋ፣ በመጨረሻ ከደነችው።

የእንቅልፏን ዓይነት ከዚያ በኋላ አይቼ አላውቅም። ቤቱ ሁሉ አብሯት የተኛ ይመስል ነበር። በጣሪያው ቅጠል መሀል የገባው ብርሃን ወለሉ ላይ እንደ ሳንቲም ወዲያና ወዲህ ይል ነበር። ቁጭ ብላ ልትጠብቅ የነበረችው እናቴም አገጯን ደረቷ ላይ ጥላ ማንኮራፋት ጀመረች። እኔ ብቻ ቀረሁ።

ናጂብ ነቃ። ሊያለቅስ አፉን ሲከፍት አነሳሁት፤ ካለቀሰ ትነቃለች። ክሩ እንዳይላላባት ደግሞ ከትንሿ አማካ ፈትቼ ትንሿ ጣቴ ላይ ጠመጠምኩት፤ በየመሀሉ ትንሽ ጎተት፣ ትንሽ ጎተት አደርጋለሁ። ልጁን እንዴት እንደያዝኩት አላሰብኩም። እኛ ሕፃን በሌላ መንገድ መያዝ የት እናውቃለን? ዳሌዬ ላይ አንፈራጥጬ አስቀመጥኩትና ክሩ በፈቀደልኝ ልክ ቋሚ እንጨቶቼን ዞርኳቸው። ስንት ጊዜ እንደዞርኩ እግዜር ይወቀው። መወርወሪያዬን በሁለት እጁ ይዞ ያኝካል። ያ ድመት የመሰለው ድምፅ የለም፤ ዓይኑን አፍጥጦ ክሮቹን ያያል።

"አንቺ!" አለ አንድ ሹክሹክታ። እናቴ ነቅታለች። "ምን አደረግሽ?"

"ምን አደረግሁ?"

"ዳሌሽ ላይ አስቀመጥሽው! ጠረጴዛ የለ፣ እንቁላል የለ፣ በሶ የለ! የመጀመሪያው ነው እኮ፣ ሁለተኛ የለውም! ባል እንኳ ሳታገቢ የቱርክ አበልጅ ሆንሽ!" በሹክሹክታ መቆጣት ለእናቴ ከባድ ነበር፤ አንገቷ ተገታተረ። "በእጁስ ምን አስያዝሽው?"

"መወርወሪያዬን።"

"ጉድ ፈላ! ቱርኩ አማካ ሠሪ ሊሆን ነው! መልሺው። ጠቅልለሽ አስተኚው። አላየንም፣ አልሰማንም።"

ልመልሰው ነበር፤ አልዋሽም። እናትን ሳያስፈቅዱ እንዲህ ያለ ነገር ማድረግ ከልጅ መስረቅ አይሻልም። ወደ ትንሿ አማካ ጎንበስ ስል ግን ክሩ ጣቴን ሳብ አደረገኝ። በዚያኛው ጫፍ ዋርዴ ዓይኗን ገልጣለች። በእጇ ክሩን እየዳበሰች መጣች፣ መጣች፣ ጣቴ ላይ ደረሰች።

"ማነው ይጎትተኝ የነበረው?"

"እኔ ነኝ።" ክሩን አሳየኋት። "ነቅቶ ነው። እንዳይቀሰቅስሽ ብዬ... ይቅር በይኝ።"

ልጇን አየችው፤ የተፈታ እግሩን፣ ዳሌዬን፣ በምራቁ የራሰውን እንጨት። እናቴ ትንፋሿን ይዛለች። ዋርዴ ግን ገና ግማሽ አካሏ እዚያ፣ ሩቅ ነበር።

"እኔ ቡጥሮስ መስሎኝ ነበር" አለች። "በባሕሩ ላይ እጄን ይዞ ሳብ ሳብ እያደረገ ይመራኛል። አልበረደውም። እየተቻኮለ ነበር።"

እናቴ አማተበች።

ዋርዴ ፈቀቅ አለችና የአማካዋን ጠርዝ በእጇ ከፈተች። "ከጎኔ አድርጊው። ክሩን ግን አንቺ ያዢልኝ" አለችኝ።

ናጂብን ከጎኗ አስገባሁት። ጡቷን አገኘው። መጀመሪያ ለብቻው ታገለ፣ ከዚያ ሲውጥ ተሰማን፤ ከጉድጓድ እንደሚቀዳ ውኃ፣ ጉርጭ፣ ጉርጭ። እሷ መልሳ ተኝታለች። ከልጇ ጎን፣ በሚወዛወዝ ነገር ላይ። እናቴ እንባዋን በቀሚሷ ጠርዝ ጠረገችና እንቁላል ልትቀቅል በእግሯ ጣት እየረገጠች ወጣች፤ ዘግይቶም ቢሆን ደንቡ እንዳይቀር።

ጸሐይ ልትገባ ስትል ፋሬስ መጣ። ቤቱ ባዶ ሆኖበት ወደ እኛ ደጃፍ ሲመጣ የመስተዋቶቹን ድምፅ ሰማሁና ጣቴን አፌ ላይ አደረግሁ። በሩ ላይ ቆመ።

"ተኝታለች?"

"ተኝታለች።"

"እውነት ተኝታለች?"

ሸክሙን እንዳይንኳኳ አንድ በአንድ እየያዘ ውጭ አወረደ። ኮፍያውን አወለቀ። ገባና ከግድግዳው ሥር መሬት ላይ ተቀመጠ፤ በድርቅ ዓመት ዝናብ ሲመጣ እንደሚያዳምጥ ገበሬ፣ ራሱን ዘንበል አድርጎ የሁለቱን ትንፋሽ ያዳምጥ ጀመር።